ጭስ ማውጫ የሌለው ጉድጓድ

ሰማይ ላይ ጉድጓድ አለ ይሏችኋል። ጥቁር ነው፣ የገባበት ነገር አይወጣም፣ ብርሃን እንኳ ቢሆን ይውጠዋል ይሏችኋል። እናንተ ጨዋ ስለሆናችሁ "አሃ" ብላችሁ ታልፉት ይሆናል። እኔ አላልፍም አልኩና ይኸው በአንድ ጉድጓድ ምክንያት ሦስት ሽማግሌ ግቢው ድረስ መጥቶ፣ ቆሞ የለመነው በባሕር ዳር ብቸኛው ሰው ሆንኩ።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በጣና ላይ የጀልባ ሞተር ስጠግን የኖርኩ፣ አሁን ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። መካኒክ ደግሞ በወሬ አያምንም። "ሞተሩ ደህና ነበር፣ ድንገት ነው የቆመው" ብሎ የመጣን ባለ ጀልባ አምኜው አላውቅም፤ ፈትቼ ሳየው ፕሮፔለሩ ላይ እምቦጭ ተጠምጥሞ፣ ወይ ዘይቱ አልቆ አገኘዋለሁ። ይህ ጠባይ ቤቴም ገብቶ ነበር። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ "ወጡ ጨው አለው" ብትለኝ ቀምሼ ነው የማምናት። የአንበሳሜ ልጅ ስለነበረች አፏም እንደ እጇ ፈጣን ነበር፤ "አንተ በምትቀበርበት ቀን 'እስቲ ሣጥኑን ክፈቱልኝ፣ መሞቴን ልይ' ማለትህ አይቀርም" ትለኝ ነበር። እሷ ቀድማኝ ሄደች። ሦስት ዓመት ሆናት። መነጽሯ አሁንም ሬዲዮው ላይ እንዳስቀመጠችው ነው፤ አቧራውን እጠርግለታለሁ እንጂ ከቦታው አላነሣውም።

አንዲት ልጅ አለችን። ውባለም ትባላለች፤ እኔ ውቤ እላታለሁ። አዲስ አበባ ተቀምጣ ስለ ከዋክብት ታጠናለች፣ ታስተምራለች። አላገባችም፣ አልወለደችም፤ ሥራዋ ብዙ ነው። ይህን የነገረችኝ እሷ ናት፤ እኔ ፈትቼ አላየሁትም። እሑድ እሑድ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ትደውልልኛለች። ሰዓቱን አዛንፋ አታውቅም። እኔም ከስምንት ሰዓት ጀምሬ ስልኩን ከኪስ ኪስ እያዘዋወርኩ፣ ኔትወርክ እንዳይጠፋ በረንዳ ላይ ወንበር አውጥቼ እጠብቃታለሁ። ስትደውል ግን ንግግራችን ይኼው ነው፦ ደህና ነህ? ደህና ነኝ። ክኒንህን ወሰድክ? ወሰድኩ። በላህ? በላሁ። ዝናብ አለ? የለም። በል አባባ፣ ራስህን ጠብቅ። ስልኩ ሲዘጋ የተነጋገርንበትን ጊዜ ያሳያል፤ ሁለት ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ። አንዴ ለማስረዘም ብዬ፣ ፀሐይ ፊቴን እየመታኝ፣ "ዝናብማ አለ፣ በረዶም ቀላቅሏል" አልኳት። ሦስት ደቂቃ ከአሥር ገባልኝ። በሚቀጥለው እሑድ ጎርፍ ልጨምርበት አሰብኩና የምትጨነቅ መስሎኝ ተውኩት።

አልፈርድባትም። ብቻውን የሚኖር ሰው የሚያወራው ነገር ያልቅበታል። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ያናገርኩት ሰው ቢቆጠር፣ የባጃጅ ሹፌሩንና ከአጥር ወዲያ ያሉትን ጎረቤቴን እትዬ የሺን ብጨምር እንኳ፣ የአንድ እጄ ጣት ይተርፋል። ሰፈራችን ፋሲሎ ውስጥ ሰው ሞልቷል፤ የሚሞላው ግን መንገዱ ላይ ነው።

ታዲያ አንድ ቀን ውቤ በስልኬ ፎቶ ላከችልኝ። መሐሉ ጥቁር፣ ዙሪያው የጋለ ቀይ ክብ። የኤሌክትሪክ ምድጃ መሰለኝ። ያቺ ልጅ በመጨረሻ ቤቷ ውስጥ ወጥ መሥራት ልትጀምር ነው ብዬ ደስ አለኝና "ጥሩ ምድጃ ነው፣ ገመዱ ግን ወፍራም ይሁን" ብዬ ጻፍኩላት። እሑድ ስትደውል ሳቋ ቀድሟት መጣ። ምድጃ አይደለም፣ ጥቁር ጉድጓድ ነው አለችኝ። ከባድ ኮከብ ነዳጁን ሲጨርስ በራሱ ላይ ይደረመሳል፤ ሲደረመስ ሲደረመስ ከአጠገቡ ምንም የማያስመልጥ ነገር ይሆናል፤ ከሁሉም የሚተልቁት ደግሞ በከዋክብት መንደሮች እምብርት ላይ ይቀመጣሉ፤ ያየኸው ከእነሱ አንዱን ነው አለችኝ። እኔም ያለ ምንም ተንኮል፣ የመካኒክ አፌ አምልጦኝ፣ "እንዲህ ያለ ነገርማ የለም" አልኳት።

እንዴት የለም አለችኝ። የሚገባበት ያለው ነገር ሁሉ የሚወጣበት አለው አልኳት። ጭስ ማውጫው የተደፈነ ሞተር ወይ ይቆማል፣ ወይ ይፈነዳል፤ ዝም ብሎ እየዋጠ የሚኖር ሞተር እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። እሷ ማስረዳት ጀመረች፤ እኔ አላምንም አልኩ። ምሳሌ አመጣች፤ ምሳሌውን ብሎን በብሎን ፈታሁባት። ተናደደች፣ ሳቀች፣ እንደገና ተናደደች። ስልኩ ሲዘጋ ቁጥሩን ባየው አርባ አንድ ደቂቃ ይላል። መነጽሬን አድርጌ ደግሜ አየሁት። አርባ አንድ ደቂቃ ሙሉ ከልጄ ጋር አወራሁ። የዚያን ዕለት እራቴን ሁለቴ በላሁ።

ከዚያ ወዲያ ሥራ ያለው ሰው ሆንኩ። ጥርጣሬ በቀላሉ የሚገኝ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አንዱ የሚበቃው ለአንድ እሑድ ብቻ ነው፤ ለሚቀጥለው ሌላ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ደብተር ገዛሁና ሳምንቱን ሙሉ እያሰብኩ መጻፍ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ጥርጣሬዬ ስለ ፎቶው ነበር። ፎቶው በአንድ ካሜራ የተነሣ አይደለም፣ በዓለም ዙሪያ የተተከሉ መሣሪያዎች በየፊናቸው የያዙትን ኮምፒውተር አገጣጥሞት ነው አለችኝ። "እንግዲያ አሥር ሰው በየቀዳዳው አጮልቆ ያየውን ሰፍታችሁ ጋቢ ነው ትሉኛላችኋ" አልኳት። ሠላሳ ስድስት ደቂቃ።

ለሁለተኛው ጥርጣሬ ወደ መሪጌታ ልሳነወርቅ ሄድኩ። መሪጌታ ከሐይቁ ዳር ያለውን ደብር የሚያገለግሉ፣ የዱርቤቴ ተወላጅ፣ በባሕረ ሐሳብ የዓመቱን በዓልና ጾም በጣታቸው ቆጥረው የሚያወጡ ሊቅ ናቸው። ቅዳሴ ሲወጣ ጠብቄ በመጽሐፍ ውስጥ ስለ ሰማይ ጉድጓድ የተጻፈ እንዳለ ጠየቅኳቸው። መቋሚያቸውን ተደግፈው ብዙ አሰቡ። "እኔ የማውቀው የፀሐይና የጨረቃን ሒሳብ ነው። ስለ ጉድጓዱ ያነበብሁት የለም። ግን ያላነበብሁትን ሁሉ የለም እንድል አያስገድዱኝ" አሉኝ። እኔም ደብተሬ ላይ "መሪጌታም አላነበቡትም" ብዬ ጻፍኩና ቀሪውን ተውኩት። ሊቃውንት ሲጠቀሱ የሚፈለገው ብቻ መወሰዱን ከሰው አይቻለሁ።

ሦስተኛው ጥርጣሬ ግን ጀሪካን አስከፈለ። ሐጂ እንድሪስ የልጅነት ጓደኛዬ ነው፤ አባቱም አያቱም በጣና ዳር ጀልባ ሲሠሩ የኖሩ፣ እሱም የሚሠራ። እሱ ጀልባውን ይሠራል፣ እኔ ሞተሩን እገጥም ነበር። ዓባይ ከጣና ተለይቶ በሚወጣበት በኩል ውሃው በድንጋዮች መካከል የሚሽከረከርበት ቦታ አለ። የዋጠውን እንደሚተፋ በዓይኔ አይቼ ለውቤ ልነግራት ፈለግኩ። ሐጂን አንድ ቢጫ ጀሪካን ለመንኩት፤ ለምን እንደሆነ ሲሰማ ረጅም ጊዜ አየኝና "ትመልሰዋለህ?" አለኝ። እመልሳለሁ አልኩት። ከዳር ቆሜ ግማሽ ውሃ የሞላሁትን ጀሪካን ወደ አዙሪቱ ወረወርኩ። ዞረ፣ ዞረ፣ ገባ። ከዚያ ወደ ታች ወርጄ በሚወጣበት በኩል መጠበቅ ጀመርኩ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠበቅኩ። ደንገል መጣ፣ የላስቲክ ጠርሙስ መጣ፣ የማን እንደሆነ ያላወቅኩት አንድ እግር ጫማ መጣ። አንድ ጉማሬ ብቅ ብሎ አየኝና እሱም ሰልችቶት ጠለቀ። ጀሪካኑ እስከ ዛሬ አልወጣም። ይህን ለውቤ አልነገርኳትም። ለሐጂም ገና እየጠበቅኩ ነው አልኩት።

የሚያስቀው እንዲህ ስባዝን ራሴን ማሳመኔ ነው። መጀመሪያ ስልኩ እንዳይዘጋ ብዬ የካድኩትን ጉድጓድ ኋላ ከልቤ ካድኩት። ለቅሶ ቤት ሄጄ ድንኳን ውስጥ ስቀመጥ አጠገቤ ያለውን ሰው "አንተ፣ ይኼ ጥቁር ጉድጓድ የሚሉት ነገር..." እለዋለሁ። ሰውም ከለቅሶ ቤት ተነሥቶ መሄድ ነውር ስለሆነ ይሰማኛል። ሦስተኛ ለቅሶዬ ላይ ግን እኔ ከተቀመጥኩበት አግዳሚ ግራና ቀኙ ክፍት ሆኖ አገኘሁት። ሰው ቦታ እየቀየረ ነበር። ነገሩ ከፋኝ፤ ግን እሑድ ስላለልኝ ቻልኩት።

አንድ እሑድ ብቻ ሳንከራከር ቀረን። ውቤ ስለ ጉድጓዱ ጠርዝ ስታስረዳኝ፣ ወደ ውስጥ የሚገባ ነገር ከሩቅ ሆኖ ለሚያየው ሰው ሲገባ አይታይም አለችኝ። ጠርዙ ላይ ሲደርስ እየዘገየ፣ እየዘገየ፣ እየደበዘዘ ይሄዳል እንጂ፣ "ይኸው አሁን ገባ" የሚባልበትን ቅጽበት ተመልካቹ አያገኘውም። በደስታ ዘለልኩ። ያልታየን ነገር ገባ የምትሉት በምን ማስረጃ ነው ልላት አፌን ከፈትኩ። ዓይኔ ግን በተከፈተው በር አልፎ ሬዲዮው ላይ ካለው መነጽር ላይ አረፈ። እናቷ የሞተች ዕለት እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር፤ እኔ ሻይ ልቀዳ ዞር ብዬ ስመለስ አልቋል። መቼ እንደሆነ አላየሁም። ውቤ "አባባ፣ አለህ?" አለችኝ። አለሁ አልኳት። የዚያን ቀን ሁለታችንም ብዙ አላወራንም፤ ግን ስልኩንም ማናችንም አልዘጋነውም። እንዲያው ትንፋሿን እየሰማሁ ሃያ ደቂቃ ሄደ።

አሁን እትዬ የሺ ይምጡ። እትዬ የሺ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከአጥሬ ወዲያ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ደግ፣ ጆሮአቸው ግን ከደግነታቸው የሚበልጥ ሴት ናቸው። እሑድ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስልኬ ሲጮኽ የእሳቸው ሬዲዮ ድምፁ ይቀንሳል። ለወራት የሰሙት የእኔን ወገን ብቻ ነው፤ "የለም አልኩሽ!"፣ "ማን አየው?"፣ "እኔ እስክሞት አላምንሽም!" ጠቡ ስለ ሰማይ ጉድጓድ መሆኑን አላጡትም፤ እኔው ራሴ በአጥር ላይ አስረድቻቸዋለሁ፣ ሁለት ጊዜ። የእሳቸው ጭንቀት ሌላ ነበር። ሚስቱ የሞተችበት ሰው ከቀረችው አንድ ልጁ ጋር እሑድ በመጣ ቁጥር እየተጣላ ነው። የተጣሉበት ነገር ሰማይ ላይ ይሁን ጓዳ ውስጥ፣ አባትና ልጅ ከተጣሉ ሽማግሌ ያስፈልጋቸዋል።

ቅዳሜ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ብከፍተው መሪጌታ ልሳነወርቅ፣ ሐጂ እንድሪስና የእድራችን ዳኛ አቶ ዓለሙ በነጫጭ ጋቢያቸው ቆመዋል። እትዬ የሺ ከኋላቸው አሉ። ከእትዬ የሺ ኋላ ደግሞ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ውቤ ቆማለች። ለእናቷ ሙት ዓመት ከመጣች ወዲህ ይህችን ደጅ ረግጣ አታውቅም። እትዬ የሺ ቁጥሯን ፈልገው ደውለው "ስለ አባትሽ ነገር በቶሎ ነይ" ካሉ በኋላ ካርዳቸው አልቆ ተቋርጦ ኖሯል። ልጄ የሞትኩ መስሏት ነው በአውሮፕላን የመጣችው። ቆሜ ስታየኝ ፊቷ ላይ የመጣውን ነገር እስከ ዛሬ ስም አላገኘሁለትም። ወዲያው ግን ሽማግሎቹን አየች፣ እኔን አየች። "አባባ፣ ከሰስከኝ እንዴ?" አለችኝ ቀስ ብላ።

አልከሰስኩሽም ከማለቴ በፊት መሪጌታ ቃል ጀምረው ነበር። ማንጎው ሥር ወንበር አወጣሁላቸው፤ አንቀመጥም አሉ። ሽማግሌ ለእርቅ ሲመጣ እሺ እስኪባል ቆሞ ነው የሚለምነው። አቶ ዓለሙ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ አንዴ በዚህ እግር፣ አንዴ በዚያ እግር እያሉ፣ ፊታቸው ላይ የእርቅ ሳይሆን የስቃይ ነገር ይታይ ነበር። ጠብ የለንም አልኩ። መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ጠበኛ ሁሉ መጀመሪያ የሚለው ይህን ነው። እሺ ይበሉን" አሉ። አቶ ዓለሙን አየሁና እሺ አልኩ። ውቤም እሺ አለች። ሦስቱም ከመቼው እንደተቀመጡ።

ደንቡ ሁለቱም ወገን በተራ፣ ሳይቋረጥ እንዲናገር ነው። ውቤ ቀደመች። መጀመሪያ እንደ ተከሳሽ ተቀምጣ ነበር የምትናገረው። ጥቂት እንደቆየች ግን ተነሥታ በእንጨት አፈር ላይ ክብ መሥራት ጀመረች፤ ኮከብ ስትስል፣ ብርሃን ስትስል፣ ጠርዙን ስታሳይ፣ ሽማግሎቹ ወንበራቸውን እየሳቡ ተጠጉ። መሪጌታ ጥያቄ ጠየቁ፤ መለሰችላቸው፤ "አቤት" አሉ። እኔ ልጄ ስታስተምር አይቻት አላውቅም ነበር። እጆቿን የምታወናጭፈው እንደ እናቷ ነው። የክርክሩ ተቃራኒ ወገን መሆኔን ረስቼ እንዲህ ያለች ልጅ አለችኝ እያልኩ ፈዝዤ ቀረሁ።

ተራው የእኔ ሲሆን ስለ ጭስ ማውጫ ተናገርኩ። እንደ ውቤ አላማረልኝም። ልጨርስ ስል ሐጂ እንድሪስ ጉሮሮውን ጠራረገ። "የእኔ ጀሪካንስ?" አለ።

ዓይኔን ወደ ማንጎው አነሣሁ።

"ለዚሁ ጉዳይ ብሎ ጀሪካኔን ዓባይ ውስጥ ወረወረ። ይወጣል ብሎኝ ነበር። አልወጣም። ስለዚህ እኔ የልጂቱን ነገር አምኛለሁ" አለ ለሽማግሎቹ። ውቤ አፏን በእጇ ያዘች። እሷም ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ መስማቷ ነው። አቶ ዓለሙ ጀሪካኑ ስንት ሊትር የሚይዝ እንደነበር ጠየቁ፤ ለምን እንደጠየቁ አሁንም አልገባኝም።

ሦስቱ ወደ አጥሩ ጥግ ሄደው ተማከሩና ተመለሱ። ፍርዱን የተናገሩት መሪጌታ ናቸው። "ጉድጓዱ ቢኖር ሩቅ ነው፤ ባይኖርም የሚጎድልብን የለም። አባትና ልጅ ግን ቅርብ ናቸው። ከዛሬ ወዲያ የዚህ ጉድጓድ ነገር በሁለታችሁ መካከል እንዳይነሣ፣ ማሉልን።" ማል የተባለ ሰው ምን ያደርጋል፤ ማልኩ። ስምል በልቤ የምቆጥረው ደቂቃ ነበር፤ አርባ አንድ፣ ሠላሳ ስድስት፣ አርባ አራት።

ከዚያ ያቺ የተለመደችው ጥያቄ መጣች። እርቅ ሳይዘጋ ሽማግሌ አንድ ጊዜ ይጠይቃል። "በልባችሁ የቀረ ነገር ካለ አሁኑኑ አውጡት" አሉ መሪጌታ። ነበረኝ። "እኔ እኮ የምጣላት ስልኩን እንዳትዘጋው ብዬ ነው" ማለት ነበረብኝ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ግን ዕድሜ ልኩን ሰው ሲያስመሰክር የኖረ ሽማግሌ፣ በጓደኛው፣ በእድሩ ዳኛና በጎረቤቱ ፊት ልጄ ትናፍቀኛለች፣ ብቻዬን መዋል አቃተኝ ብሎ እንዴት ይናገር? አፈርኩ። "የለም" አልኩ። ውቤን ጠየቋት። ወደ እኔ አየች፣ ከዚያ አፈሩ ላይ የሣለችውን ክብ አየች፣ ቆይታ "የለም" አለች። ተነሥታ ጉልበቴን ሳመች፤ እኔም ግንባሯን ሳምኳት። እትዬ የሺ እልል አሉ። አቶ ዓለሙ ከወንበሩ ላለመነሣት ሲሉ ምርቃቱን አስረዘሙት።

እሑድ እኩለ ቀን ድረስ አብራኝ ዋለች። ጠዋት ሐይቁ ዳር ዳሩን ሄድን፤ ዓሣ በላን። ምን ላውራት? ለወራት የተለማመድኩት አንድ ወሬ ብቻ ነው፣ እሱም በመሐላ ተዘግቷል። ሐጂ እንድሪስ ከጀልባ መሥሪያው ሆኖ እያየን በእጁ "ደግ ነው" ይለናል። አንድ ጥቁር ወፍ ድንጋይ ላይ ክንፉን ዘርግቶ ሲያደርቅ ውቤ "ጥቁር..." ብላ ጀመረችና ሐጂን አይታ አቋረጠችው። ሁለታችንም ሳቅን፣ ከዚያ እንደገና ዝም አልን። ቤት ስንመለስ የእናቷን መነጽር ከሬዲዮው ላይ አነሣችው፤ ጠረገችውና እዚያው ቦታው ላይ መለሰችው። አውሮፕላኗ ሲነሣ በረንዳዬ ላይ ሆኜ ሰማሁት።

ቀጥሎ ባለው እሑድ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደወለች። ደህና ነህ? ደህና ነኝ። ክኒንህን ወሰድክ? ወሰድኩ። ዝናብ አለ? የለም። ሁለት ደቂቃ ከአርባ። በሚቀጥለው ሁለት ደቂቃ ከሠላሳ አምስት። እትዬ የሺ በአጥር በኩል አንገታቸውን ብቅ አድርገው፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ እንዴት ያለ ሰላም ወረደ አሉኝ። አሜን አልኳቸው። ሰላም በእርግጥ ወርዶ ነበር። ግቢዬ ውስጥ ማንጎ ሲወድቅ ይሰማል። ደብተሬን አውጥቼ ያልተጠቀምኩባቸውን ጥርጣሬዎች አንብቤ መልሼ ከተትኩት። በዚያ ሳምንት ከሰው ጋር ያወራሁት ባጃጅ ላይ "ወራጅ አለ" ብዬ ብቻ ነው። ያን ጉድጓድ የለም ማለቴ ትክክል መሆኑን እንኳ ተጠራጠርኩ፤ እንዲህ ያለ ነገር ካለ መቼም ከእኔ ቤት ብዙ አይርቅም።

በሦስተኛው እሑድ ክኒኑም፣ ምግቡም፣ ዝናቡም ካለቁ በኋላ ቻው ትላለች ብዬ ስጠብቅ አላለችም። እኔም ስልኩን ከጆሮዬ አላነሣሁም።

"አባባ" አለችኝ።

"ምን?"

"ሽማግሎቹ የከለከሉን ጉድጓዱን ብቻ ነው አይደል?"

"ጉድጓዱን ብቻ ነው።"

"ስለ ጨረቃ የተባለ ነገር የለም?"

አሰብኩ። "ስለ ጨረቃ አልማልንም" አልኳት።

"እሺ" አለች፤ ከዚያ ድምፅዋ ቀጠነ። "ያኔ በልባችሁ የቀረ አለ ወይ ሲሉን ዋሽቻለሁ። እሑድ ከአንተ ጋር ካልተከራከርኩ ቤቴ ውስጥ ድምፄን ሳልሰማው ሰኞ ይሆናል። ምድጃም የለኝም፣ እራቴን ቆሜ ነው የምበላው። እኔም ፈርቼ ነው ያልተናገርኩት።" ትንፋሽ ወሰደች። "በል አሁን ንገረኝ፤ ጨረቃ ላይ ሰው ወጥቷል ብል ታምነኛለህ?"

እንደ እውነቱ ከሆነ ጨረቃ ላይ ሰው መውጣቱን ከልጅነቴ ጀምሮ ሳልፈታ፣ ሳላይ ያመንኩት ብቸኛው ነገር ነው፤ ደስ ይለኝ ስለነበር። ልነግራትም ነበር። ያን ጊዜ ከአጥር ወዲያ የእትዬ የሺ ሬዲዮ ድምፁ ቀነሰ። አንድ ነገር ውል አለኝ፦ ለካ ባለፈው ልጄን ከአዲስ አበባ ድረስ ያመጣት ጠባችን ነው።

ወንበሬን አዞርኩና ፊቴን ወደ አጥሩ አደረግኩ። "ጨረቃ ላይ? ማን አየው? እኔ እስክሞት አላምንሽም!" አልኩ።

የከፋት መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ ጋር አጣበቅኩት። ከዚያ ያ ሳቋ ቀድሟት መጣ።

"ጮክ በል እንጂ አባባ" አለችኝ፣ "ይኼ ለእትዬ የሺ አይደርስም።"